አባቴ በወጥ ቤቱ ደጃፍ

ሰው ከአገሩ የሚወጣው በሌሊት ነው ትላላችሁ፤ እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ረዳቱ «የቀረ አለ?» እያለ ይጮኻል። አባቴ ሊሸኙኝ ከሮብ ገበያ ድረስ አብረውኝ መጥተው ነበር። ጥምጥማቸውን አስተካክለው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። ልሳፈር ስል ጠሩኝና እንደገና መረቁኝ። ተቀምጬ በመስኮት ብቅ ስል ደግሞ ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፉ መረቁኝ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ «ታድለሽ፣ እንዲህ የሚወድ አባት» አለችኝ። እስከ ሉማሜ አለቀስኩ። ዛሬ ሽማግሌ መጠበቅ ሙያዬ ስለሆነ ነገሩ ገብቶኛል። ሲመርቁኝ ቀደም ብለው መመረቃቸውን ረስተውት ነው።

የደረስኩት ጀርመን ነው፤ ስሙን ብነግራችሁ ከማትይዙት ትንሽ ከተማ። ብርዱን አልፈራሁትም፤ የጮቄ ንፋስ ያሳደገው ሰው በረዶ አያስደነግጠውም። ያስደነገጠኝ ሰላምታው ነው። ደረጃ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው «ሃሎ» ይልና አበቃ፤ የቤተሰቡ፣ የከብቱ፣ የዝናቡ ጥያቄ የለም። ምግቡ ድንች ነው። የአገሬን የሲናንን ድንች ጠግቤ ያደግኩ ልጅ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት ለድንች ነው፤ ያውም በርበሬ የሚባል ነገር ላላየ ድንች።

የምሠራበት ቤት አልተንሃይም ይባላል፤ የሽማግሌዎች ቤት ነው። እኔ ያለሁበት ፎቅ የሚኖሩት ዴሜንስ የሚሉት የመርሳት በሽታ ያለባቸው ናቸው፣ እኛ አገር «ጃጁ» ተብለው የሚታለፉት። ግቢው ውስጥ አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ አለ። አግዳሚ ወንበር፣ ምልክት፣ የሰዓት ሰሌዳ፣ ሁሉ አለው። አውቶቡስ ግን የለም፤ መንገድም የለም። «ቤቴ ልሂድ» ብሎ የሚያስቸግር ሽማግሌ እዚያ ወስደን እናስቀምጠዋለን። ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ምን ይጠብቅ እንደነበር ይረሳና ሾርባውን ሊጠጣ ይገባል። መጀመሪያ ሳየው «ይኼማ ጭካኔ ነው» አልኩ። አለቃዬ «ጭካኔ አይደለም፤ ሜቶደ ነው» አለችኝ። ሜቶደ ማለት ዘዴ ነው።

ስወጣ አባቴን የተውኳቸው ለአክስቴ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ ስለኖሩ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። አንድ ቀን አክስቴ ደወለች። «የሻረግ፣ የኔታ ጠፍተው ወንዝ ዳር ነው ያገኘናቸው። ስሜን ጠየቁኝ። እኔም ጉልበት የለኝ፤ እባክሽ ወይ ነይ ወይ ውሰጃቸው» አለች።

እኔም የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ አበባ ያስቀመጠች ሴት ናት ያስተናገደችኝ።

«አባቴን ማምጣት እፈልጋለሁ።»

«ማን ይንከባከባቸዋል?»

«እኔ። እንዲህ ያለውን በሽታ መጠበቅ ነው የተማርኩት።»

«እርስዎ ቀን ቀን የት ነው የሚውሉት?»

«ሥራ። እንደሳቸው ያሉ ሽማግሌዎችን እጠብቃለሁ።»

«እንግዲያው ቤት የሉም ማለት ነው» ብላ ጻፈች።

«እኔ የምሠራበት ቤት ይግቡ።»

የደመወዝ ወረቀቴን አየችና ከልቧ አዘነችልኝ። «ወይዘሮ የሻረግ፣ ለዚያ ቤት እኮ የእርስዎ ደመወዝ አይበቃም» አለችኝ። አበባዋ የምታምር ነበረች።

ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት ተፈለገላቸው። ሲስተር ጥሩወርቅ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ነርስ ሰፊ ግቢ ተከራይተው፣ ልጆቻቸው ውጭ ያሉ ሽማግሌዎችን በክፍያ ይይዛሉ። አገሬው «የኔታን አከራየቻቸው» ብሎ አማኝ። ይማኛ፤ በየወሩ ደመወዜ ሲገባ መጀመሪያ የሚወጣው የሳቸው ነው። እሑድ እሑድ እየደወልኩ አዋራቸዋለሁ። ጆሯቸው ስለደከመ እጮኻለሁ። የቤት አከራዬም በሬን አንኳኩታ «እሑድ የጸጥታ ቀን ነው፤ አባትዎን ማክሰኞ ቢወዷቸው ምናለ?» ትለኛለች። መጀመሪያ የምታሾፍ መስሎኝ ሳቅኩ፤ የምሯን ነው።

ከዚያ አክስቴ ለገበያ ደብረ ማርቆስ ወጥታ ያየችውን ነገረችኝ። አባቴ የአልጋ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ደበሎ ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በአኮፋዳ ፋንታ ፌስታል አንጠልጥለው፣ ከሰው በር ቆመው «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላሉ። ልጅ ሆነው ዜማ ሲማሩ በየመንደሩ ቀፈፋ ይወጡ ነበር፤ ወደዚያው ተመልሰዋል። የሰፈሩ ሴት ቁራሽ እየሰጠች ጉልበታቸውን ትስማለች። ቁርጭምጭሚታቸውን ውሻ ነክሷቸዋል፤ አክስቴ ቁስሉን አይታለች።

ለሲስተር ደወልኩ። «አባቴ ለምነው ነው የሚበሉት?»

«ምን ልመና አለው፣ ቀፈፋ እኮ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «ተማሪ ነኝ ይላሉ። ሰፈሩም ወዷቸዋል፤ የሚያመጡት ለሌሎቹም ይተርፋል።»

«እኔ የምልከውስ?»

«የቤት ኪራዩስ የኔ ልጅ? ውድነቱን አታውቂም እንዴ?»

በሩ ይቆለፍ አልኩ፤ ተቆለፈ። አባቴ መብላት አቆሙ። ሲስተር ቢለምኗቸው፣ አክስቴ ሄዳ ብታጎርሳቸው፣ ፊታቸውን ያዞራሉ። «ያልቀፈፍኩትን ብበላ የኔታ ይገርፉኛል» ይላሉ። የሚፈሩት የራሳቸውን መምህር ነው፣ እኔ ሳልወለድ የሞቱትን። ሌሊቱን ሁሉ ከተቆለፈው በር ጋር ተጣብቀው ቆመው ያድራሉ። በቪዲዮ ሳያቸው የጉንጫቸው አጥንት ወጥቶ ነበር። ለሽማግሌዎቹ ገንፎ በማጎርስበት እጄ ስልኩን ይዤ አባቴ ሲራቡ አየሁ።

ያኔ ፌርማታው ትዝ አለኝ። ለሲስተር ደውዬ ነገርኳቸው። አኮፋዳ ይገዛላቸው፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው ይቀፍፉ፤ ወጥ ሠሪዋ ደብሬ እንደ ባለቤት ሆና ትስጣቸው፤ እውነት ይምሰል። ሠራ። አባቴ በሉ። ለአለቃዬ ስነግራት «ዙፐር፣ ግሩም ነው» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮራሁ። ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁት።

ባለፈው እሑድ ሲስተር «ነይ ተመልከቻቸው» ብለው ስልኩን ወደ ወጥ ቤቱ አዞሩልኝ። አባቴ አኮፋዳቸውን አንግበው በሩ ላይ ቆመዋል። አንገታቸውን ደፍተው በዚያ በማውቀው ድምፅ ለመኑ። ደብሬ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና ሳትል «እግዜር ይስጥልኝ፣ ተማሪ» አለች። አባቴ እጅ ነሥተው ዞሩ፣ ሄደውም ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ከኋላ ሰው ሲስቅ ሰማሁ።

«ሲስተር፣ ምነው ከለከለቻቸው?»

«ሁልጊዜ ከሰጠናቸው ያውቁብናላ። የትኛው ተማሪ ነው በደረሰበት ደጅ ሁሉ የሚሰጠው? እውነት ይምሰል ያልሽን አንቺ አይደለሽ? ቆይተው ሲመጡ ይሰጣቸዋል።»

ልሳደብ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከዚያ ግቢ ቢያስወጧቸው የት አደርጋቸዋለሁ? አክስቴ አትችልም፤ እኔ የለሁም። «አመሰግናለሁ ሲስተር» አልኩ። «ስልኩን ይስጡልኝ፣ ላነጋግራቸው።»

ፊታቸው ስልኩን ሞላው። «አባ፣ የሻረግ ነኝ» ብዬ ጮኽኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። የሰው ቤት በር የተከፈተላቸው መሰላቸው፤ ነጠላዬንም ሳያዩ አልቀሩም። «እመት፣ እንደምን ዋሉ» አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉና «በእንተ ስማ ለማርያም» አሉ።

ጠረጴዛዬ ላይ ሙሉ ዳቦ ነበር። አባቴን አንተ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። እናቴ ለተማሪ ትመልስ እንደነበረው «ቆይ ልጄ፣ መጣሁ» አልኩ። ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም። «እሺ እመት» አሉኝና ስልኩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው አኮፋዳቸውን ከፍተው ቆሙ። አከራዬ በሬን ስትደበድብ ስልኩን ዘጋሁት።

በነጋታው ሲስተር ራሳቸው ደወሉ፤ ደውለውልኝ አያውቁም።

«የሻረግ፣ ምን ብለሽ ነው አባትሽን ያቆምሻቸው? ስልኩን ከእጃቸው የተቀበልናቸው በስንት መከራ። ደብሬ ሰጠቻቸው፣ እንቢ አሉ። እኔ ሰጠኋቸው፣ እንቢ።»

«ምን አሉ?»

«‹እመት መጣሁ ብለውኛል፤ እሳቸውን ትቼ ሌላ ደጅ አልሄድም› ነው የሚሉት። እስካሁን አልበሉም። እስኪ አንድ ነገር በያቸው።»