ፊታውራሪነቱን ማን ይከፋፍለው?

ከደባት ወዲያ ባለው መንደራችን አንድ ሰው «ፊታውራሪ!» ብሎ ከተጣራ የሚዞረው አንድ ራስ ነበር፤ የጎረቤታችን። ስሙን መጨመር አያስፈልግም። ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የነፍስ አባቱ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። በበቅሎ ሲያልፍ የሚያርስ ሰው በሬዎቹን አቁሞ እጅ ይነሣል፤ ሰርግ ላይ ከካህናቱ ቀጥሎ ያለው ቦታ እሱ እስኪመጣ ባዶውን ይጠብቃል። ውሻው እንኳ «የፊታውራሪ ውሻ» ተብሎ ድንጋይ አይወረወርበትም። የእኛን ውሻ ሁሉም ይወግረዋል። ሰው ሁሉ አንቱ ይለው ነበር። እኔ እዚህ ላይ እሱ እለዋለሁ፤ ማን ይከለክለኛል?

ፊታውራሪ ማለት ከጦሩ ቀድሞ የሚሄድ አዛዥ ማለት ነው። ቀኛዝማቹ በቀኝ፣ ግራዝማቹ በግራ ይሰለፋል፤ ፊታውራሪው ፊት ነው፤ ጥይት መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ድሮ እንዲያ ነበር አሉ። በእኛ ዘመን ግን ባለርስት ሁሉ ገዥ ቤት ደጅ ጠንቶ የሚያገኘው ሹመት ሆኖ ነበር። ጎረቤታችን እንዴት እንዳገኘው ግን አውቃለሁ፤ መንገዱን የመራው አባቴ ነውና።

በንጉሡ ጊዜ ሽፍቶች የአገሩን ከብት ነድተው ወደ ቆላ ሲወርዱ ሰው ተከተላቸው። የሊማሊሞን ገደል በጉም ውስጥ የሚያውቀው አባቴ ስለነበር ፊት ፊት እሱ ሄደ። ጎረቤታችን በበቅሎ ከኋላ መጣ፤ በቅሎዋ አልወርድም ስትል እዚያው አፋፉ ላይ ቀረ። ከብቱ ተመለሰ። ገዥው ድግስ ደግሶ ጎረቤታችንን ፊታውራሪ አለው፤ ካባ አለበሰው። አባቴን ደግሞ «ለዚህ ሰው ጠላ ጨምሩለት» አለ። አባቴ ይህን የሚያወራው እየሳቀ ነበር። እኔ አንድ ቀንም አልሳቅሁም።

ደርግ መጣ። መሬት ተወረሰ፤ የድሮ ማዕረግ ቀረ፣ ሁሉም ጓድ ሆነ ተባለ። ከጎረቤታችን ርስት ለእኔም ደረሰኝ፤ ገብስ የሚያበቅል ጥቁር አፈር። ደስታዬን አልደብቅም። ግን ምን ያደርጋል፤ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ራሱ «ጓዶች» ብሎ ይጀምርና ሰውየው ብቅ ሲል «ይግቡ ፊታውራሪ፣ ከወዲህ ይቀመጡ» ይላል። በቅሎዋ ሄደች፣ ርስቱ ሄደ፣ መጠሪያው አልሄደም። ሰው አፍ ላይ ያለን ነገር በምን ገመድ ይለኩታል?

በዚያው ሰሞን መሠረተ ትምህርት ገባሁ። ጢሜ ከወጣ ከስንት ዘመን በኋላ ከሚስቴ ጎን ተቀምጬ ሀ ሁ አልሁ። የአባቴን ስም መጻፍ ስችል ከፊቱ ፊታውራሪ ብዬ ጨመርሁበት።

«ምንድን ነው ይኼ የተንዛዛ ስም?» አለች ሚስቴ፤ ፊደሎቹን ገና አልለየቻቸውም።

«የሚገባው ስም ነው» አልኋት።

በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። «መሬቱን ተከፋፍለናል፤ ጥሩ። ፊታውራሪነቱንስ ማን ይከፋፍለው? የደከመበት አባቴ ነው፤ ለደከመበት ይሰጥ» አልሁ። የምሬን ነበር። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

«እኔም ግራዝማችነት ይድረሰኝ! ግማሿ ትበቃኛለች» አለ አንዱ።

ሊቀመንበሩ እንባውን እየጠረገ «ጓድ፣ የቀረ ነገር አይከፋፈልም» አለኝ። ጎረቤታችን ጥጉን ይዞ ተቀምጧል፤ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባቴ ሞተ። በእኛ አገር ሬሳው ከመቀበሩ በፊት አልቃሿ መሐል ገብታ የሟቹን ሥራና ማዕረግ በግጥም ትጠራለች፤ ሕዝቡ ይቀበላታል። እዚያ የተጠራን ማዕረግ መንግሥትም አይነቅለው። ለአባቴ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀን አልነበረውም። አልቃሿን ከአጥሩ ጀርባ ያዝኋት።

«እቴ፣ አባቴን ፊታውራሪ በይልኝ።»

«ማን ሾሟቸው?»

«ሥራቸው።»

«አዬ ወንድሜ! እኔ ብል ማን ይቀበለኛል? በአንተ የተሳቀው አይበቃም፣ በሬሳቸው ደግሞ ይሳቅ?»

«በግ እሰጥሻለሁ።»

«በጉን ለተዝካሩ እረደው» ብላኝ ሄደች።

ለቅሶው ቀዘቀዘ። «ጎበዝ አራሽ፣ ደግ ጎረቤት» አለች አልቃሿ፤ ማን ያላረሰ አለና? ይኼኔ ጎረቤታችን ምርኩዙን ይዞ መሐል ገባ። ሰው ሁሉ ገለል አለለት።

«ስሙኝ» አለ። «ሊማሊሞን ስንወርድ ፊት የነበረው ይህ የተኛው ሰው ነው። እኔ በቅሎዬ እንቢ ብላኝ ከላይ ቀርቻለሁ። ካባውን የለበስሁ እኔ፣ ሥራው የእሱ። ዛሬ በሬሳው ፊት ፊታውራሪ ብዬዋለሁ። እናንተም በሉት!»

አልቃሿ ወዲያው አነሣችው። «ፊታውራሪ!» ስትል ሕዝቡ «ወየው! ወየው!» እያለ ደረቱን ደቃ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ። የለመንሁት ሁሉ ሆነ። የእኔ ዓይን ግን ደረቀ፤ ሰዉ ወደ ማን እያየ እንደሚያለቅስ እያየሁ ነበራ! አባቴ በሰሌን ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ሴቶቹ «ወይ ትልቅነት! ወይ የኛ ፊታውራሪ!» እያሉ የዚያን ሰው ጉልበት ይስማሉ። ተሿሚ የነበረው ጭራሽ ሿሚ ሆኖ ዐረፈው። እኔም የሟች ልጅ ነኝና ሄጄ ትከሻውን ሳምሁት፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አልሁት። የገዛ ዕቃዬን ለምኜ የተቀበልሁ ያህል ፊቴን እሳት በላው።

«አባትህ ነበር የሚገባው፣ ልጄ» አለኝ ቀስ ብሎ። ከልቡ ነበር። ያንኑ ነው ይቅር ያላልሁለት።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ ደባርቅ ገበያ ወጣሁ። አንድ የማላውቀው እህል ነጋዴ በቁና እየሰፈርሁለት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝና ነገርሁት።

«እንግዲያ ፊታውራሪ የተናገሩበት ለቅሶ ላይ ነበርህ?»

«ነበርሁ።»

«የማን ነበር ለቅሶው?»

«የአባቴ።»

«ታድለዋል አባትህ!» አለኝ። «እሳቸውን በመሰለ ሰው አፍ መመስገን!»

የቀረውን ገብስ ወደ ስልቻዬ መለስሁና፣ አልሸጥም ብዬው አህያዬን ነድቼ ሄድሁ።