ከጠፈር የተመለሰ ሰው እግር

የሳይንስ መምህሩ የጠፈርተኛ ሥዕል ይዘው ከፊት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ከበሩ አጠገብ፣ እናቴና እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆመን ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ ነው። ትናንት በቴሌቪዥን ከጠፈር የተመለሰን ሰው በወንበር ተሸክመው ሲወስዱት አየሁና ትዝ አለኝ።

«ጠፈር ላይ ሰውነት አይከብድም» አሉ መምህሩ። «ያልተሸከመ እግር ይሰንፋል፤ አጥንቱም ይሳሳል። ሲመለስ መቆም ያቅተዋል።»

«የኔ ባል ሳይሄድ ነው የሰነፈው» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ።

እናቴ አልሳቀችም። ወንድሜ ከውትድርና አፈሳ ተሸሽጎ ቆጥ ላይ አምስት ወር ተኝቶ ነበር። በዚያ ሳምንት ስናወርደው መቆም አቃተው። እሷ መተት ነው ብላ ጠበል ታጠጣው ነበር።

«መምህር፣ እግሩ ይመለስለታል?» አለች ድንገት።

«ይመለሳል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማስኬድ ነው።»

«ስንት ቀን?»

«ምነው እትዬ፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ቤትዎ ጠፈርተኛ አለ እንዴ?»

የሰማዩ ሰው በሽታ እኛ ቆጥ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ግራ ገባኝ። ልጠይቃት ስል ክንዴን ጨመቀችኝ።

«የጠፈርተኛው እናት አሳዝናኝ ነው» አለችው።

ስብሰባ ሳያልቅ መውጣት ያስጠይቅ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ እኔን እዚያው ትታ፣ ወንድሜን ልታስኬድ በሊቀመንበሩ አጠገብ አልፋ ወጣች።