የተዋበች ለቅሶ

ሰው ወርቅ ተሰረቅሁ፣ ከብት ተነዳብኝ ብሎ ይከሳል። እኔ የተሰረቅሁት ለቅሶ ነው። አክስቴ ብርቄ ለእናቴ ለተዋበች ያወጣችው ለቅሶ በአረብ ቴሌቪዥን፣ በዘፈን ውድድር ላይ፣ በሌላ ሴት አያት ስም ተዘፈነ፤ ተጨበጨበለትም። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቢሆንም የጻፍኩት ራሴ ነኝ።

ነገሩን እንደ አዲስ ያስነሳብኝ ባለፈው ጥቅምት አንድ እሑድ ነው። ከቅዳሴ መልስ፣ ሌክ ሲቲ በሚገኘው አፓርታማችን ከእኔ በላይ የምትኖረው ኢራቃዊቷ ኡም አሊ ለምሳ ጠራችኝ። ውጭው የሲያትል ዝናብ ነው፤ አይዘንብም፣ አያባራም። ሽንኩርትና የወይን ቅጠል በሩዝ ሞልታ ቀቅላለች፤ ቤቱ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ ላይ የአረቦች የዘፈን ውድድር አለ። አንዲት ቀጭን ልጅ ዘፍና ስትጨርስ፣ ከዳኞቹ አንዷ፣ ጸጉሯ ወርቅማ የሆነ ወፍራም ሴትዮ፣ ግራ ቅንድቧን ሰቅላ አየቻት።

ቅንድቡን አውቀዋለሁ። ስንት ጠዋት ቁርስ ያቀረብኩለት ቅንድብ ነው።

«ድምፅሽ ያምራል፤ ግን ኀዘን አታውቂም» አለቻት። «ማዋል እንዲህ ነው።» ማዋል የሚሉት ከዘፈኑ በፊት ያለውን፣ ድምፅ ያለ ከበሮ ብቻውን የሚንከራተትበትን ነው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ለቀቀችው። የእናቴን ለቅሶ። ስትጨርስ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «ይህን ያወረሰችኝ አያቴ ናት» አለች።

«ኡም አሊ፣ ይኼ እኮ የእናቴ ነው!» ብዬ ብድግ አልኩ።

«የሁላችንም እናት ናት፣ እህቴ» አለችኝ፣ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። ሰሐኔ ላይም አንድ ሽንኩርት ጨመረችልኝ።

ቤሩት የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የእነሱ ጦርነት ገና ማብቃቱ ስለነበር የሕንጻው ግድግዳ ሁሉ በጥይት ተበሳስቷል፤ በጥይቱ ቀዳዳ ወፎች ጎጆ ሠርተውበታል። የምሠራበት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በኩሽናው መስኮት፣ በሁለት ሕንጻዎች መካከል፣ የነጠላ ጥለት የምታህል ባሕር ትታየኛለች። የክርስትና ስሜን ብትሉ፣ የቤት ስሜን ብትሉ፣ እዚያ ቤት የጠየቀኝ የለም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሚሚ ትባል ነበር፤ ማዳም አዲስ ስም መልመድ ስላልፈለገች እኔም ሚሚ ሆንኩ። እንደ ሽርጡ ነው፤ እሷ ያወለቀችውን እኔ ታጠቅሁት።

ሪማ የማዳም ልጅ ናት፤ እኩያዬ ነበረች። በዚያ ዓመት በቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ገብታ የመጀመሪያውን ዙር አልፋለች። ዳኞቹ ግን፣ «ድምፅሽ እንደ ብርጭቆ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ይቀዘቅዛል» ብለዋት ስለነበር ቤቱ ሁሉ ተጨንቋል። ቀኑን ሙሉ በሩን ዘግታ ትጮሃለች። እኔ በልቤ፣ ዘፈን በጩኸት ቢሆን የቡልጋ አህያ ይሸለም ነበር እላለሁ።

እናቴ የሞተችው በዚያ ክረምት ነው። መርዶዬ የደረሰኝ በካሴት ነው። ያኔ እንዲያ ነበር፤ ማንበብ የማይችል ዘመድ ድምፁን ቀድቶ ለመንገደኛ ይሰጣል። ካሴቱ የመጣው በርበሬ ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ሽታው አልለቀቀውም። አክስቴ ብርቄ በአገራችን የታወቀች አልቃሽ ናት። እኔ ስለሌለሁ ለቅሶውን እንዳይቀርብኝ ብላ እንደገና ከመጀመሪያው አልቅሳ ቀዳችልኝ።

ማሾዋን ይዛ ትጠራኝ ነበር፣
ዛሬ ብመጣ ዘጋችብኝ በር።

ከዚህ ቀጥሎ ድምፅዋን ሦስት ጊዜ እንደ ደረጃ ዝቅ፣ ዝቅ፣ ዝቅ ታደርግና «ወይ ተዋበች!» ትላለች። አክስቴ ሕግ ነበራት። ለአንድ ሟች የወጣ ለቅሶ የዚያ ሟች ነው። ሌላ አልቃሽ ልትወስደው ትችላለች፤ አይከለከልም። ግን ከማልቀሷ በፊት «ይህ የእገሌ ነው» ማለት አለባት። ያላለች እንደሆነ በለቅሶ ቤት ሰው ፊቱን ያዞርባታል። የምትጠየቀው ይህን ብቻ ነው፤ ስም መጥራት።

በአገሬ ለቅሶ ብቻን አይለቀስም። ለጠላት እንኳ ይደረሳል። እዚያ ግን ማን ይድረስልኝ? ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳም አንድ እቅፍ ፐርሰሊ ታመጣለች፤ ለሰላጣ እንደ ትንባሆ ደቅቆ ይከተፋል። ከትፌ ከትፌ፣ ጣቴ አረንጓዴ ሆኖ፣ ካሴቱን በትንሿ ቴፕ ዝቅ አድርጌ ከአክስቴ ጋር አለቅሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ቀና ስል ሪማ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ሚሚ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«እናቴ ሞታ።»

የቲማቲም ሣጥን ገልብጣ አጠገቤ ተቀመጠች። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። ምን እንደሚል ጠየቀችኝ፤ በተሰባበረ አረብኛዬ ነገርኳት። አብራኝ ሞከረችው። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ክንዴን ይዛ አለቀሰች። በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው፤ የሌላ አገር ሰው የማይሳሳተው ስሕተት ነው። በእኛ ደንብ አብሮሽ ተቀምጦ ያለቀሰ፣ ሦስት ቀን የተመላለሰ፣ ለቅሶ ደራሽ ነው፤ ዘመድ ነው። እኔም አስተዛዛኝ አገኘሁ ብዬ ድምፁ የሚሰበርበትን፣ ትንፋሹ የሚያዝበትን፣ ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ አስያዝኳት። የአክስቴንም ሕግ ነገርኳት። «ከማልቀስሽ በፊት የተዋበች ነው ትያለሽ፤ እሺ?»

«ጣይብ፣ ሚሚ፣ ጣይብ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። ካሴቱን አውሺኝ አለችኝ። ለቅሶ ደራሽ ምን ይከለከላል? ሰጠኋት።

በሚቀጥለው ዙር ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳሎን ተሰበሰበ። እኔ የተቆረጠ ሐብሐብ በትሪ ይዤ የኩሽናው በር ላይ ቆሜያለሁ። ሪማ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ወጣች። ማሲንቆ የሚመስል ነገር አንዴ ሳብ አለና ዝም ሲል ጀመረች። ቃሉ አረብኛ ነው፣ ስለ ፍቅር ነው። ዜማው ግን የአክስቴ ነው፤ ስብራቱ፣ ትንፋሹ፣ ሦስቱ ደረጃ። «ወይ ተዋበች» የሚባልበት ቦታ ስትደርስ ጆሮዬን አቆምኩ። «ያ ሌል» አለች። አንቺ ሌሊት ሆይ እንደ ማለት ነው። በእናቴ ስም ቦታ ሌሊት ገባበት።

አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አንዱ ሽማግሌ ዳኛ መነጽሩን አውልቆ፣ «ልጄ፣ ይህን ከየት አገኘሽው?» አላት።

«ከአያቴ፣ ከገጠር» አለች ሪማ።

ማዳም እልል አለች። የሐብሐቡ ውኃ ከትሪው በክንዴ ላይ እየወረደ እስከ ክርኔ ደረሰ፤ እሱ አሁንም ይታወሰኛል።

በማግስቱ ካሴቱን መለሰችልኝ። ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። የሪማ ድምፅ ነው፤ ስትለማመድ፣ ስትሳሳት፣ ስትስቅ። አክስቴ ላይ ቀድታበታለች። ሁለቱንም ገጽ እስከ ጫፉ አዳመጥኩ። ከመጨረሻው ላይ የቀረችልኝ የአክስቴ አንድ ሳል ብቻ ናት።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«ባዶ ካሴት አጣሁ። ምን ሆነ? አንቺ እንደሆን በቃልሽ ታውቂዋለሽ።»

«የማን እንደሆነ ለምን አልተናገርሽም?»

ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለዚህ ነው የሚያመኝ። «ምን ልበል፣ ሚሚ? የሠራተኛችን ለቅሶ ነው ልበል? በዘፈን ውድድር ላይ?»

ሪማ ውድድሩን አሸነፈች፤ በነሐሴ ድሉን ለማክበር ገጠር አያቷ ቤት ወጣን። መንገዱ ተራራውን እየዞረ ይወጣል፤ በየጠርዙ የበለስ ዛፍ አለ፤ ፍሬው በስሎ መሬት ላይ ፈርጧል፣ ንቡ ወሮታል። እንግዶቹ ተቀምጠው ሳለ አንዱ፣ «እስቲ ለልጅ ልጅሽ ያወረስሽውን ከአንቺ አፍ እንስማ!» አላቸው ለአሮጊቷ።

«እኔ?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ከፍየል ጠርቼ በቀር ዘፍኜ አላውቅም!»

ሁሉም ሳቀ። ማዳም፣ «እርጅና ነው፤ ትረሳለች» አለች።

«አልረሳሁም!» አሉ አሮጊቷ፤ ሰሚ ግን አላገኙም።

በዚያ ማዕድ ላይ አንድ ፍትሕ የምታውቅ ሴት አገኘሁ ብዬ ተደፋፈርኩ። ትሪውን አስቀመጥኩ። «እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ለቅሶው የእናቴ ነው። እናቴ ተዋበች ትባላለች።»

ሪማ በለስ እየላጠች ነበር፤ ቀና አላለችም። ከዚያ ማዳም ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ፣ «ሚሚ፣ ዳቦ አምጪ» አለችኝ።

ዳቦውን አመጣሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ወርውሬው በሄድኩ፣ ደግሜው በተናገርኩ፤ አላደረግሁትም። በሳምንቱ ወደ ሌላ ቤት አዛወሩኝ። አክስቴም አገሬ ሳልገባ ሞተች።

ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት! ሲያትል መጥቼ ሶዶ በሚሉት ሰፈር የሆቴል አንሶላ ማጠቢያ ውስጥ ሠራሁ፤ ልጅ አሳደግሁ፣ የልጅ ልጅ አየሁ። ሰልፍ ጥሶ አውቶቡስ የገባ ሰውዬን እስከ ጃክሰን መንገድ ድረስ እየተሟገትኩ ሄጃለሁ፤ ልጄ አፈረችብኝ። የማን ነገር እንደሆነ ሳይነገር ሲቀር ዝም ማለት አልችልም። አንድ ቀን ዝም ብዬ ዳቦ አምጥቻለሁና።

ከኡም አሊ ቤት ወርጄ የልጅ ልጄን ኤደንን ጠራኋት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሪማን ስልኳ ላይ ወዲያው አገኘቻት።

«ኦኬ እማማ፣ ቶክ» አለችና ስልኩን አፌ ላይ ደቀነችው።

በዛገው አረብኛዬ ተናገርኩ። «አስካለ ነኝ፣ የተዋበች ልጅ። ምንም አልፈልግም። አንድ ቀን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተዋበች ነው በይ።»

ላከችው። ኅዳር አለቀ፣ ታኅሣሥ ገባ። ኤደን ከትምህርት ቤት ስትመጣ በዓይኔ እጠይቃታለሁ። «ሲን ብቻ ነው» ትለኛለች፤ አይታዋለች፣ አልመለሰችም ማለቷ ነው። እንደገና ላክን። እሱንም አይታ አለፈችው።

«እማማ፣ አስካለ ማን እንደሆነች አታውቅም እኮ። ምን ብላ ነበር ኮል የምታደርግሽ?»

«እሱ ስሜ አይደለም!»

«አይ ኖው። ግን እሷ የምታውቀው እሱን ነው።»

ስም ለማስጠራት ብዬ ስሜን ልካድ? ሁለት ሳምንት ተጣላኋት። በኋላ ግን አሰብኩት፤ አሁን ብሞት ተዋበች የሚለውን ስም ከዚያ ዜማ ጋር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ልጄ እንኳ ዜማውን ስትሰማ የአረብ ዘፈን ነው የሚመስላት። አንድ ሰኞ ከሰዓት፣ ኤደን ድንች ጥብስ እየበላች ሳለ፣ «ቅጂ» አልኳት። የዘይት ጣቷን በሱሪዋ ጠርጋ ስልኩን አነሣች።

«ሪማ፣ ሚሚ ነኝ» አልኩ። «ኩሽና ውስጥ ለቅሶ ያስተማርኩሽ። የእናቴን ስም ጥሪልኝ።»

ድንቹ ሳይቀዘቅዝ ስልኩ ጮኸ። ኤደን ዘላ ከፈተችው። ያው ድምፅ ነው፤ ወፍሯል እንጂ አልተለወጠም፣ ፈገግታም አለበት።

«ሀቢብቲ! የትኛዋ ሚሚ ነሽ?»