ባሌን ከእህቱ የቀማሁበት ሕመም

ባሌ ሰይድ በአንድ ጎኑ መቀመጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ምልክት ይኸው ነው። ቆቦ ባለችው የጨርቅ ሱቃችን ወንበሩ ላይ ጋደል ብሎ ሲቀመጥ አይቼ «ምን ሆነሃል?» ብለው «ምንም» አለኝ። ቀጥሎ ሽንት ቤት መመላለስ አበዛ። ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ ዋጃ መሄድ አመጣ፤ ሲመለስ ታጥቦ፣ ልብሱን ቀይሮ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ! ዋጃ ታላቅ እህቱ እትዬ መዲና አለች፣ ልክ ነው። ግን እህቱን ሊጠይቅ የሄደ ሰው ልብስ ቀይሮ ይመለሳል እንዴ? ሴት ይዟል ብዬ ደመደምኩ። ቅናት አንገበገበኝ። «የዋጃዋ ሴትዮ እንዴት ናት?» እያልኩ እወጋዋለሁ።

ለካ ሰገራው ላይ ደም እያየ ኖሯል። የነገረው ለእትዬ መዲና ነው። እሷም «ኪንታሮት ነው፣ ለማንም እንዳታወራ» ብላ፣ የኪንታሮት መድኃኒት ያውቃል የሚባል ሰው ቤት እየወሰደች ዱቄት ታስቀባው፣ ደም የነካውን ልብሱንም ታስቀይረው ነበር። እኛ ዘንድ ከወገብ በታች የሚደማ ሁሉ ኪንታሮት ነው፤ ኪንታሮት ደግሞ ነውር ነው። ወራት በዚሁ አለፉ። ሰይድ ከሳ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ነገሩን የሰማሁት ሱቅ ውስጥ ተዝለፍልፎ ሲወድቅ ነው።

የቆቦው ሐኪም ጓንት አጥልቆ በጣቱ መረመረው። ደሴ ላከን። ኮሎኖስኮፒ የሚሉት፣ አንጀትን በካሜራ የሚያይ ምርመራ ተደረገ። ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ መጣ። የፊንጢጣ ካንሰር።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ግን ከአፌ የወጣው «ለእሷ ነግረህ ለእኔ?» ነው።

እትዬ መዲናም ተከትላን አዲስ አበባ ሄድን። እጢው እንዲያንስ አስቀድሞ ጨረርና ኬሞቴራፒ ወሰደ። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ ሦስታችንንም አስቀምጦ ነገረን። «እጢው ለመውጫው በጣም ቀርቧል። በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሥጋ ጨምረን ካልቆረጥን ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ መውጫውን እንዘጋዋለን። ሰገራው በሆድዎ በኩል፣ ኮሎስቶሚ በሚባል ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወጣል።»

«እስከ መቼ?» አለ ሰይድ።

«ለዘለቄታው ነው።»

የቀዶ ጥገናው ቀን ጠዋት ገባ። ቀትር አለፈ። አልወጣም። እትዬ መዲና ዱኣ ታደርጋለች። እኔ ዱኣው ጠፋብኝ። ወጣ። ይተነፍሳል።

ነርሷ የከረጢቱን አቀያየር ልታስተምረን ስትመጣ ሰይድ «እህቴ ትማር» አለ። እኔ ከመጋረጃው ውጪ ቀረሁ። ልጆች የወለድኩለት ሚስቱ! ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ አልነበር? ቆይቶ የፓቶሎጂ፣ የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ ውጤት መጣ። «የቆረጥንበት ጠርዝ ንጹሕ ነው» አለ ሐኪሙ፤ «በዙሪያው ካሉት ሊምፍ ኖዶች፣ ከንፍፊቶቹ በአንዱ ግን ካንሰሩን አግኝተናል፤ ኬሞው ይቀጥላል።» ደስ አለኝ፤ ግን ደስታዬም ሙሉ አልነበረም።

እትዬ መዲና እኛ ቤት ገባች። በገዛ ቤቴ በር ይዘጋብኝ ጀመር። ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ የምትኮራው ኩራት! እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት፣ አውቃለሁ። ብታሳድገውስ? ያገባሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ሞትን ሲታገል እኔ ከእህቱ ጋር እታገል ነበር፤ ሳያት እርር ድብን እላለሁ።

ማሽላው ሲደርስ ለአጨዳ ወደ ዋጃ ተመለሰች። አሁንስ ተራዬ ነው አልኩ። ወይ ፍንክች! ሰይድ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ብቻውን ይቀይር ጀመር። እሸታለሁ ብሎ ሱቅ ቀረ፤ ጁምዓ ቀረ። አንድ ቀን ሲያቃስት ሰማሁት። በሩን ደበደብኩት።

«ሰይድ! ክፈት! አለዚያ ጎረቤቱን እጠራልሃለሁ!»

ከፈተ። አየሁት። ሆዱ ላይ ትንሽ፣ ቀይ፣ እርጥብ ነገር። ዙሪያው ቆስሏል። የከረጢቱን ቀዳዳ አስፍቶ እየቆረጠ፣ ሰገራው ቆዳውን ልጦታል።

«ይቺን ነው የደበቅከኝ?» አልኩት።

አቀረቀረ። «እትዬ ብትጸየፈኝ እህቴ ናት፤ የት ትሄዳለች? አንቺ ግን ዘይነብ፣ መሄድ ትችያለሽ።»

ወይ አንተ ሰው! ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣው እንባዬ ያኔ መጣ።

ነርሷ ጋ ደውዬ ከሀ ጀምሮ አስተማረችኝ፤ ቆዳውን በለብታ ውሃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ፣ የስቶማውን፣ የዚያችን ቀይ መውጫ ስፋት በወረቀት ለክቶ ቀዳዳውን በልኩ መቁረጥ፣ ከረጢቱ ሳይሞላ ማስወገድ። ቁስሉ እየጠገገ ሲሄድ ሰይድ መጀመሪያ ግቢ፣ ከዚያ ሱቅ፣ ኋላም ሼሁ «ለየሶላቱ ታጥበህ ውዱእህን አድስና ስገድ፣ ምን ቸገረህ» ሲሉት ጁምዓ ተመለሰ። ኬሞውን ጨርሷል። ምርመራው እስካሁን ንጹሕ ነው፤ ሐኪሙ ግን «ድነዋል ለማለት ገና ዓመታት መከታተል አለብን» ይላል፤ ቀጠሮ አንቀርም።

ደም ያያችሁ ሰዎች፣ ኪንታሮት ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ሐኪም ይፍረድ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ባልሽ በር የዘጋብሽ እህቴ፣ ጠልቶኝ ነው ብለሽ አትሂጂ፤ በሩን ምቺ። ሐኪሞቹንና ነርሷን አላህ ይስጥልኝ። እትዬ መዲናንም አመሰግናለሁ፤ እሷ ባትኖር ያን ሰሞን ማን ይደርስለት ነበር?

ባለፈው ልጇን ስትድር ዋጃ ሄደን፣ ሰይድ ሰው መሐል እንደተቀመጠ ከረጢቱ ላላበት። እጁን ሆዱ ላይ ሲያደርግ እትዬ መዲና አይታ ከሁሉም ቀድማ ተነሣች። «ና ወንድሜ፣ ወደ ጓዳ» አለችው።

«ተቀመጪ እትዬ፤ ዘይነብ አለች» አላት።

ተነሥቼ ባጠገቧ ሳልፍ ፊቷን አየሁት። ያን ፊት አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ለወራት የኔ ነበር። አዘንኩላት ብል እዋሻለሁ። አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት።