«ጨርሻለሁ» ቢሉት የማይሰማ ኮምፒውተር

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ መብራት ሄደ... እዚህ ደብረ ታቦር ይህ ዜና አይደለም። ዜናው የኔ ሥራ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሰፈራችን ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት የሚመዘገብበትን ዋና ኮምፒውተር የምንከባከበው እኔ ነኝ። መዝገቡ የሚነሳበትንና የሚቆምበትን ትእዛዝ የጻፍኩትም እኔው ነኝ። «ጀምር» ቀላል ነበር። «አቁም» ላይ ግን ብዙ አሰብኩ። በመምህርነት ዘመኔ ከተማሪ እጅ የፈተና ወረቀት ነጥቄ አላውቅም። ስለዚህ «አቁም» ሲባል፣ በየቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሰው ሁሉ «ጨርሻለሁ» እስኪል ይጠብቅ፤ ከዚያ የገባውን ውጤት አስቀምጦ ይዘጋ ብዬ ጻፍኩ።

መብራቱ ሲሄድ ዋናው ኮምፒውተር በመጠባበቂያ ባትሪ ቀጠለ። ቢቆይ አሥር ደቂቃ ነው። ጸሐፊዋ ስንዱ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ዋናው ላይ ያስገባችው ውጤት ገና አልተቀመጠም። ከሰዓት ደግሞ ካርድ ይታደላል፤ ከጉና ተራራ በእግር የወረዱ ወላጆች ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

«አቁም» ብዬ አዘዝኩት።

«አንድ ሰው አልጨረሰም፤ እየጠበቅሁ ነው» የሚል ጽሑፍ መጣ። የፊዚክስ መምህሩ ደሴ ነው።

አስጠራሁት። እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጨርሻለሁ!»

«ለኔ ብትነግረኝ ምን ያደርግልኛል? በራስህ ኮምፒውተር ለሱ ንገረው።»

«የኔ ባትሪ የለውም እኮ! ከመብራቱ ጋር ጠፍቷል!»

...

በግድ ብዘጋው ውጤቱ አብሮ ይጠፋል። ጠብቅ የምትለዋን መስመር ልሰርዝ የትእዛዙን ጽሑፍ ከፈትኩ። ባትሪው ይጮኻል። ስንዱ «ኧረ ቶሎ ይበሉ ጋሼ!» ትላለች። እኔ ደግሞ ሳላነብ መሰረዝ አልችልበትም... ከላይ ጀምሬ መስመር በመስመር ሳነብ ስክሪኑ ጨለመ።

ስንዱ የወረቀቱን ክምር ወደ ራሷ ስባ ከመጀመሪያው ስም በእጅ መጻፍ ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለወላጆቹ ልናገር ከደሴ ጋር ወጣሁ። አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ምን ገጠመዎት መምህር?»

«ኮምፒውተሩ አንድ መምህር ሥራውን እስኪጨርስ ሲጠብቅ ባትሪው አለቀ።»

«መምህሩ ምነው ቶሎ ቢጨርስ?»

«ጨርሼ ነበር» አለ ደሴ ከኋላዬ።

ሰውየው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ። «ታዲያ ምኑን ነው የጠበቀው?»

«ካርዱ ሰኞ ይደርሳል» አልኳቸው። «እንግዲህ ሰኞ ተመልሰን እንወርዳለን» ብለው መንገዳቸውን ጀመሩ።

ላልገባው ሰው ሦስቴም አራቴም ማስረዳት እወዳለሁ... እኚህን አባት ግን አንዴም አልቻልኩም።