ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስኳር

እኔና ባለቤቴ ራሔል ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ ሱቅ አለን። የሩጫ ውድድር ባለ እሁድ ሱቁን ዘግተን እንሮጣለን። የሌላው ሯጭ ነገር አያገባንም፤ ፉክክሩ የእኛ የሁለታችን ነው። የተሸነፈ የሳምንቱን ልብስ ያጥባል። ሰሞኑን አጣቢው እኔው ነኝ።

ባለፈው እሁድ ግን ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ እየመራኋት ነበር። መንገዱ በሱቃችን ደጃፍ ያልፋል። እዚያ ስደርስ ጎጎ፣ በዙሉ ቋንቋ አያቴ እንደ ማለት ነው፣ የምንላቸው አሮጊት ደንበኛችን ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ስኳር አልቆብኛል» አሉኝ።

ከዘራ የያዙ አሮጊት ጥዬ እንድሮጥ እናቴ አላሳደገችኝም። ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ ከፈትኩላቸው። ቡናማውን ስኳር አነሱ፣ መለሱት። ነጩን አነሱ፣ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያጫውቱኝ ጀመር። ይሄኔ ራሔል በደጅ እየሮጠች አለፈች።

«ጎጎን ሰላም በልልኝ!»

ሰኞ ጠዋት፣ እጄ ከልብስ አጠባው ሳይደርቅ፣ ጎጎ ስኳሩን እንደታሸገ ይዘው መጡ።

«በሳሙና ቀይርልኝ። ስኳርማ ቤቴ ሞልቷል፤ ‹ባሌን አቁሙልኝ› ያለችኝ ሚስትህ ናት።»