ቫይረስ የማይነካው ኮምፒውተሬ

«ፍላሽሽን ቫይረስ በልቶታል» አልኳት። ውሸቴን ነው።

ዛሬ ጠዋት አቃቂ በሰቃ ያለችው የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሱቄ ጥቁር የለበሰች ሴት መጣች። የአባቷን የሕይወት ታሪክ በፍላሽ ይዛለች፤ ስምንት ሰዓት ላይ ቀብራቸው ላይ ይነበባል። «ሁለት ገጽ ናት ወንድሜ፣ ፕሪንት አድርግልኝ።»

ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ መጣ። አማርኛ የሚባል የለም።

ምክንያቱን ወዲያው አውቄዋለሁ። የተጻፈው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው፤ ያ የፊደል ዓይነት ኮምፒውተሩ ላይ ካልተጫነ አማርኛው አይታይም። እኔ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ዊንዶውስን አጥፍቼ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ስጭን ፎንቶቼንም አብሬ ጠርጌያለሁ። (እዚሁ ፌስቡክ ላይ «ቀላል፣ ነፃ፣ ቫይረስ የማይነካው!» ብዬ የጎረርኩት እኔው ነኝ።)

ሊኑክስ ምን አጠፋ? ፎንቶቹን ቀድሜ ኮፒ ባደርግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ይህን ለመናገር አፍሬ ነው የዋሸኋት።

ስትሄድ ጥፋቴ ከነከነኝና፣ ስምንት ሰዓት ሲደርስ ሱቄን ዘግቼ ቀብሩ ላይ ሄድኩ። ታሪኩ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ በጥድፊያ በእጅ ተጽፏል። አንባቢው ሟቹ በምድር ባቡር የሠሩበትን ዘመን ከእጅ ጽሑፉ ለይቶ ማንበብ አቅቶት ዘለለው።

ልወጣ ስል አየችኝና መጣች። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ፍላሼ ኮምፒውተርህን አበላሸብህ እንዴ?»

እናንተስ በማሽን አሳብባችሁ፣ ይቅርታ የተጠየቃችሁበት ቀን አለ? ብቻዬን እንዳልሆን ንገሩኝ።